ነባር አገልግሎት

ፋይሉ እጄ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው፤
የመንጋጋዬም ሕመም ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።
አመልካች፦ ባንቺአምላክ፣ የጥርስ ሐኪም።
ቤቱ፦ ከቅዳሜ ገበያ ቁልቁል፣ ግንቡ የጥንት፣ ጥገናው የአምና።
ጥያቄ፦ የአገልግሎት ለውጥ፣ ከመኖሪያ ወደ ሕክምና።
ደንቡን ገልጬ አየሁ፣ በማኅተም የጠና፤
«አንዲት ድንጋይ እንኳ አትነቀልም» ይላልና፣
የእሷ እንጀራ ደግሞ መንቀል ነውና፣
ሳቅሁኝ ለብቻዬ፤
ሳቄን ግን ወዲያው ነጠቀኝ መንጋጋዬ።

ሕንፃ ሹም በቀይ ጻፈ፦ «የሦስት መኪና ማቆሚያ ይውጣ።»
በዚያ ቅያስ እንኳን መኪና፣
ሁለት የተጫነ አህያ ፊት ለፊት ቢመጣ፣
አንዱ የኋሊት ተገፍቶ ነው የሚወጣ።
ቅርስ ክፍል በሰማያዊ፦ «ምስማር አይመታበት፣
ሲሚንቶ አይንካው፣ ቀለም አይቀባበት።»
ጤና ቢሮ በጥቁር፦ «ውሃ ይግባበት፣
ግድግዳው የሚታጠብ ቀለም ይቀባበት።»
ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለቱም ፈርመውበት
ወደ እኔ መሩት፣ እኔ ላስታርቅበት።

ጠራኋት። ከነጋዋኗ መጣች፣ እጇ አልኮል አልኮል እየሸተተ።
«ወንበሩ አይታሰርም» አለች፣ «በራሱ ክብደት ይቆማል።
ቧንቧው ከወለሉ ስር በድሮው ቦይ ይሄዳል።
ግንቡን አልነካም። በእኔም ሙያ ቢሆን፣
የሚነቀል አለ፣ የማይነቀልም አለ፤
ሐኪም ነኝ ይበል ሁለቱን ለይቶ የቻለ።»

ማክሰኞ ልናየው ወረድን። ቁልፉ አዛናው ዘንድ ነው፣
ሁለት በጋ ሙሉ ግንቡን ያስታመመው፤
ጥፍሩ እስከ ዛሬ ነጭ ነው።
«ሲሚንቶማ» ይላል፣ «ድንጋዩን ያንቀዋል፣
አፉን ይለጉመዋል።
ኖራ ግን ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን
በጋ ይመልሰዋል።»

የምድር ቤቱ ጨለማ ነው። መስኮቱ መዳፍ ቢያክል ነው።
በስልሳ ዘጠኝ ቀበሌው ይህን ቤት ሲይዘው
ከላይ ስኳር ያድል ነበር፣
ከታች ሰው ያስቀምጥ ነበር።
እናቴ እኔን በአንድ እጇ ይዛ
በፊት ለፊቱ በር ስኳር ትቀበልና
ዞራ በጓሮው በር ለአባቴ ስንቅ ታቀብል ነበር።
አሥራ አንድ ቀን።
በአሥራ ሁለተኛው ሳህኑ እንደ ሞላ ተመለሰ።

ይህን ለማንም አላወራሁም።
አዛናው ብቻ ባትሪውን ወደ ጥግ አዞረና
«እዚህ ጋ ጭረት አለ» አለ፣ «ቀን የተቆጠረ ይመስላል።
ልለስነው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።»
አልቆጠርኳቸውም።

ቢሮ ተመለስኩ። ቅጹ ይላል፦ «ነባር አገልግሎት»፣
ከጎኑ አንድ መስመር፣ የጣት ርዝመት።
ምን ልሙላ? የመኳንንት አዳራሽ?
የጣልያን ናፍጣ መጋዘን? የሌሊት ወፍ መንደር፣
ሾላ ሥሩን የሰደደበት ፍርስራሽ?
የቱ ነው ነባሩ፣ እንግዳውስ የቱ ነው?
ስኳር ቤቱ ያኔ ወኅኒ የሆነው
በየትኛው ቅጽ ላይ፣ ፈቃዱስ የማን ነው?
እስክሪብቶዬን አነሳሁና አንድ ቃል ጻፍኩበት፦
ኖራ።

አለቃዬ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ።
«ይሄ የግንባታ ዓይነት ነው፣ ቦታው ተራ ቁጥር ዘጠኝ ነው» አለ።
«ቦታው እዚህ ነው» አልኩት፣ «ስለ እሷ ነው የሚጠይቀው፣ ስለ ቤቲቱ።»
ለምሳ ቸኩሎ ነበር መሰል፣
ፈረመ።

በወሩ ክሊኒኩ ሲከፈት፣ በማስታገሻ ከርሜ
ተራ ያዝኩ፣ በስኳሩ በር በኩል ቆሜ።
ወንበሩ ሳይታሰር ቆሟል፣ ግድግዳው ቀለም አልነካውም።
«ንቀይልኝ» አልኳት፤ «ሌላ ነገር አልፈልግም።»
በትንሿ መስታወት አየችው፣ በብረት ኳ ኳ አደረገችው፤
«ይቆይ» አለች፣
«ሥሩ ደህና ነው። ይጠገናል።»